የድባቴ መድኃኒቶችና የአንጎል ነርቮች ምት፦ የትኛው ለማን?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ተመልሰው መጡ። ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት የፍሉኦክሰቲን ማሸጊያ ስምንቱ ቀዳዳ ባዶ ነው፤ የቀረው ፍሬ አልተነካም። «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት አልተስማማኝም። ሆዴን አገላበጠው፣ እንቅልፌን ነሳኝ፣ ጭንቀቱም ጭራሽ ባሰብኝ። ሌላ የሚሻል ካለ ስጠኝ» አሉ።

ስምንተኛ ቀናቸው ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው። መጀመሪያ ስሰጣቸው «በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት» ብዬ ሸኘኋቸው እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንጎላቸው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አልነገርኳቸውም። ያን ቢያውቁ ኖሮ ምናልባት ይታገሱ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሳቸውና እንደ እሳቸው «የቱ ይሻላል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ሁሉ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የአንድ መድኃኒት ስም ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት መጽሔት የወጣው ትልቁ ንጽጽር 522 ጥናቶችንና ከ116 ሺህ በላይ ታካሚዎችን በአንድ ላይ መርምሮ ነበር። 21ዱም መድኃኒቶች መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ኪኒን በልጠው ተገኙ፤ እርስ በርሳቸው ያላቸው የኃይል ልዩነት ግን ጠባብ ነበር። እንግዲህ ምርጫውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ የትኛውን ነርቭ ያቀዘቅዛል፣ የትኛውን ያፈጥናል፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ቢቋረጥስ ምን ያስከትላል።

## መመዘኛዎቹ

ነርቭ ሴል መልእክቱን የሚልከው በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው። ምቱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ኬሚካል ይለቀቃል፣ ቀጣዩ ሴል ይቀበለዋል። ለድባቴ ሕክምና ሦስት የሴል ወገኖችን ማወቅ ይበቃናል፤ የሚጠሩትም በሚለቁት ኬሚካል ስም ነው። የሴሮቶኒን ሴሎች በአንጎል ግንድ ውስጥ፣ ራፌ በሚባል ስፍራ ተሰብስበው ይኖራሉ። አንጎል ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቮች ውስጥ እነሱ ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ ናቸው፤ ቅርንጫፋቸው ግን የማይደርስበት የአንጎል ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ሰው ነቅቶ ሳለ በሰከንድ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዝግ ብለው ይመታሉ። እንቅልፍ ሲመጣ ይቀንሳሉ፣ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ጸጥ ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ሎከስ ሰሩሊየስ ከሚባለው ስፍራ የሚነሱት የኖርኤፒንፍሪን ሴሎች ናቸው፤ ንቃትና ትኩረት ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛዎቹ በመካከለኛው አንጎል ያሉት የዶፓሚን ሴሎች ሲሆኑ ሥራቸው ጉጉትንና ደስታን ይነካል። ሦስቱም የተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱን የነካ መድኃኒት ሁለቱንም ይነካል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሴሮቶኒን ሴል በራሱ ላይ ልጓም አለው። ከአካሉ ላይ ያለ ተቀባይ በአካባቢው ስንት ሴሮቶኒን እንዳለ ይለካል፤ በዛ ሲለው ሴሉን «በቃ፣ ቀስ በል» ይለዋል፣ ምቱም ይቀንሳል። መድኃኒቶቹን ከሁሉ በላይ የሚለያያቸው ይህን ልጓም የሚይዙበት መንገድ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ የምመዝነው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምቱን ምን ያደርገዋል፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላስ፣ ሌሎቹን ሁለት ወገኖች ምን ያደርጋቸዋል፣ ቢዘለል ወይም ቢቆም ምን ይሆናል፣ አደጋው የት ላይ ነው፣ ዋጋውና መገኘቱስ። ስለ ምት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ ተከቶ ሲሆን፣ በተለይ ክሎድ ደ ሞንቲኒና ፒየር ብሊየር በካናዳ ለዓመታት የሠሩት ሥራ መሠረት ሆኗል። በታካሚ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ልኬታ አይደረግም። የምቱ ታሪክ ከእንስሳት፣ የጊዜውና የጎንዮሽ ጉዳቱ ታሪክ ከታካሚዎች የመጣ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

## ሴሮቶኒንን ብቻ የሚነኩት፦ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ኤሲታሎፕራም፣ ሲታሎፕራም፣ ፓሮክሰቲን

ብዙ ሰው የሰማው «ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ነው፣ ኪኒኑ ይሞላዋል» የሚለውን ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ሰው በዋጠው ዕለት በዳነ ነበር፤ ምክንያቱም እነዚህ መድኃኒቶች የተለቀቀውን ሴሮቶኒን ወደ ሴሉ የሚመልሰውን ፓምፕ የሚዘጉት በሰዓታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማም ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል የሚለውን የሚደግፍ ወጥ ማስረጃ አላገኘም።

ታዲያ ምን ይሆናል? ፓምፑ ሲዘጋ ሴሮቶኒን ራፌ ውስጥ፣ በሴሎቹ አካል ዙሪያ ይጠራቀማል። ልጓሙ ይህን ያያል፣ ይስባል። ሴሎቹ ምታቸውን ይቀንሳሉ። ማለትም መድኃኒቱ በተጀመረበት ሰሞን የሴሮቶኒን ነርቮች ከወትሮው ያነሰ ይሠራሉ። ሲታሎፕራም በተሰጣቸው አይጦች ይህ በግልጽ ታይቷል፦ በ2ኛው ቀን ምቱ ወርዶ ነበር፣ በ7ኛው ቀን በከፊል አገገመ፣ በ14ኛው ቀን ወደ ቦታው ተመለሰ። የተመለሰው ልጓሙ በዚያ ሁሉ ሴሮቶኒን ስለደከመና ስለላላ ነው። ፓምፑ ግን እንደተዘጋ ነው። ሴሉ በሙሉ ምቱ እየሠራ የለቀቀውም ሳይመጠጥ ሲቆይ፣ ያኔ ለቀጣዮቹ ሴሎች የሚደርሰው ሴሮቶኒን በእውነት ይጨምራል። ታካሚው ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዲጠብቅ የሚነገረው ከዚህ ጋር ስለሚገጥም ነው። እርግጥ የምቱ መመለስ ብቻውን ፈውስ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ በነርቮች ግንኙነት ላይ የሚመጣው ለውጥ ሌላ ጊዜ ይፈልጋል።

የሆድ መገላበጡም ምክንያት አለው። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ አንጀትንም ያገኘዋል። ከምግብ ጋር ሲወሰድና በግማሽ መጠን ሲጀመር ይቀላል፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። በመጀመሪያው ሰሞን የሚጨምረውን መቅበጥበጥ ግን ዝም ማለት አይገባም። በተለይ ዕድሜያቸው ከ25 በታች በሆኑ ወጣቶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ቤተሰብ በቅርብ ሊከታተል ይገባል።

ሌላም ዋጋ አለ። ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው እንስሳት ላይ የኖርኤፒንፍሪን ሴሎች ምት ወርዶ እንደወረደ ይቆያል፤ በኤሲታሎፕራም የዶፓሚን ሴሎችም ቀንሰው ተገኝተዋል። አንዳንድ ሰዎች ከወራት በኋላ «ለቅሶው ቀረልኝ፣ ግን ሳቁም ቀረ» የሚሉት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የእርካታ መዘግየትም የተለመደ ነው። ባለትዳር ሰው ይህን ለማንም ሳይናገር መድኃኒቱን ይተወዋል። እባካችሁ፣ ለሐኪም ንገሩ፤ መፍትሔ አለው።

በዚህ ቡድን ውስጥ የሚለያዩት በዋነኛነት በሰውነት ውስጥ በሚቆዩበት ጊዜ ነው። ፍሉኦክሰቲን ራሱ ለቀናት፣ ከእሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ደግሞ ለሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። አንድ ቀን ቢረሳ ምቱ አይናጋም። ለጿሚ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፣ ጾምን ለማክበር መድኃኒት ማቆም አያስፈልግም። ፓሮክሰቲን በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ ይወጣል፤ ድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካ የሚመስል ንዝረትና ንጭንጭ ያመጣል። ሰርትራሊን ወደ እናት ጡት ወተት የሚያልፈው በጥቂቱ በመሆኑ ለምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ሲታሎፕራም የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል በቀን ከ40 ሚሊግራም፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም።

## አሚትሪፕቲሊንና ዘመዶቹ

የዚህ ቤተሰብ መጀመሪያ ኢሚፕራሚን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሮላንድ ኩን የተባለው ሐኪም ለድባቴ እንደሚረዳ አስተዋለ። የሴሮቶኒንንም የኖርኤፒንፍሪንንም ፓምፕ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች ላይ ልጓም ይሳባል። ኋላ የሚያመጡት ለውጥ ግን ከላይ ካየነው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1978 ደ ሞንቲኒና ጆርጅ አጋጃኒያን እንዳሳዩት ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ በዋነኛነት የሚለወጠው ተቀባዩ ሴል ነው። የሚላክለት ሴሮቶኒን ያው ሆኖ እሱ ግን ጆሮው ይከፈታል፣ ለዚያው መልእክት የበለጠ ይመልሳል።

ርካሽ ነው፣ በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት ከፍሉኦክሰቲን ጋር በብዛት የሚገኘውም አሚትሪፕቲሊን ነው። እንቅልፍ ለነሳውና የነርቭ ሕመም ወይም ማይግሬን ላለበት ሰው ሁለት ሥራ በአንድ ኪኒን ይሠራል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያስቸግራል፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራል። ደጋግሜ የማየው ስህተት አለ፦ ለራስ ምታት ማታ ማታ 25 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው «የድባቴ መድኃኒት ሞክሬ አልሠራልኝም» ይላል። ለድባቴ የተለመደው መጠን ግን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ስለሆነ መድኃኒቱ ገና አልተሞከረም ማለት ነው።

ትልቁ አደጋ በብዛት ከተወሰደ ልብን ማቆሙ ነው። በቤቱ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለው ሰው ካለ የወር መድኃኒት በእጁ አይሰጥም፤ የሳምንት ብቻ፣ እሱም በዘመድ እጅ። ፍሉኦክሰቲን የአሚትሪፕቲሊንን ከሰውነት መውጣት ስለሚያዘገይ ሁለቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደርቦ መውሰድም ተመሳሳይ አደጋ አለው።

## ቬንላፋክሲንና ዱሎክሰቲን

ሁለቱንም ፓምፖች ይዘጋሉ፣ የአሚትሪፕቲሊን ድርቀትና የልብ አደጋ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ቬንላፋክሲን በትንሽ መጠን ሴሮቶኒንን ብቻ ነው የሚነካው፤ ኖርኤፒንፍሪን የሚገባው መጠኑ ከ150 ሚሊግራም ሲያልፍ ነው። የደም ግፊት ይለካ። ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ አንድ ቀን ሲዘለል የሚሰማቸው ብዙ ናቸው።

## ልጓሙን የሚያልፉት፦ ሚርታዛፒንና ቡፕሮፒዮን

ሁለቱም የሴሮቶኒንን ፓምፕ አይዘጉም፣ ስለዚህ ያ የመጀመሪያው መቀዝቀዝ አይታይባቸውም። ሚርታዛፒን የኖርኤፒንፍሪንን ልጓም ራሱን ይፈታዋል፤ እነዚያ ሴሎች ሲፈጥኑ የሴሮቶኒኖቹን ይገፋሉ፣ የሁለቱም ምት ይጨምራል። ቡፕሮፒዮን በተሰጣቸው አይጦች ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ የሴሮቶኒን ሴሎች ምት ከፍ ብሏል፤ የኖርኤፒንፍሪኖቹ መጀመሪያ ወርደው በሁለት ሳምንት ተመልሰዋል። ይህን ሳነብ «ታዲያ ለምን ታካሚው በሁለት ቀን አይድንም?» ብዬ ነበር። የምት መጨመር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ በቡፕሮፒዮንም ሰው ሳምንታት ይጠብቃል።

ሚርታዛፒን ያስተኛል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ለከሳና ለማይተኛ ሰው በረከት ነው፣ ክብደት ለሚያሳስበው ግን አይሆንም። ቡፕሮፒዮን በተቃራኒው ያነቃል፣ ክብደት አይጨምርም፣ ወሲብን ብዙም አይነካም፣ ሲጋራ ለማቆምም ይረዳል። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ አኖሬክሲያ ወይም ቡሊሚያ የሚባል የአመጋገብ ችግር ላለበት፣ መጠጥ ድንገት ለሚያቆም ሰው አይሰጥም። ጫት ለሚቅምም ሰው አልመክረውም፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ ዶፓሚንና ኖርኤፒንፍሪን ከነርቮች ስለሚያስለቅቅ የሁለቱ መደራረብ አንጎልን ለመንቀጥቀጥ ያቀርባል።

## ሌሎቹ ሁለት፣ በአጭሩ

የሞኖአሚን ኦክሲዴዝ አጋጆች (ሴሮቶኒንን፣ ኖርኤፒንፍሪንንና ዶፓሚንን የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶች)፣ ለምሳሌ ፌነልዚን፣ ታሪካቸው ከሳንባ ነቀርሳ ይጀምራል፦ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኢፕሮኒያዚድ የተሰጣቸው የኒውዮርክ ታካሚዎች ሳይጠበቅ ፍልቅልቅ አሉ። የሴሮቶኒን ሴሎች ምት ይወርዳል፣ በሦስት ሳምንት ይመለሳል፤ የኖርኤፒንፍሪን ግን እንደወረደ ይቀራል። የቆየ አይብ፣ ቤት የተጠመቀ መጠጥና ጫት የደም ግፊትን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ያሻቅቡበታል። ዛሬ ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ የሚታሰቡ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ በደካማው የዚሁ ወገን ነው። እሱን የሚወስድ ሰው የድባቴ መድኃኒት እንደሚወስድ ለሐኪሙ ካልነገረ ሴሮቶኒን ከመጠን አልፎ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሊያመጣ ይችላል። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም የዚህ ወገን ባይሆንም ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል።

ኬታሚን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት የምናውቀው ነው። መንገዱ በሴሮቶኒን በኩል አይደለም፤ ግሉታሜት የሚባለውን ሌላ የነርቭ ኬሚካል ተቀባይ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይና ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ላተራል ሃቤኑላ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል በድባቴ በታመሙ አይጦችና አይጠ መጎጦች ላይ ምቱን በድርብ በድርብ፣ እንደ ርችት ያፈነዳል፤ ኬታሚን ይህን ፍንዳታ ያስቆማል። በሰው ላይ ለውጡ በሰዓታት ይታያል፣ በቀናት ይደበዝዛል። በአፍንጫ የሚነፋው ኤስኬታሚን በአሜሪካ የተፈቀደው በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ታካሚው በክሊኒክ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ውድ ነው፤ ሁለት መድኃኒት በአግባቡ ሞክሮ ላልተሻለው ሰው ነው።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሴሮቶኒን ምት በመጀመሪያ ቀናት | ከ2–3 ሳምንት በኋላ | ኖርኤፒንፍሪን | ቢቋረጥ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍሉኦክሰቲን | ይቀንሳል | ይመለሳል | ይቀንሳል | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ |
| ሰርትራሊን፣ ኤሲታሎፕራም | ይቀንሳል | ይመለሳል | ይቀንሳል | መካከለኛ | ዝቅተኛ–መካከለኛ |
| ፓሮክሰቲን | ይቀንሳል | ይመለሳል | ይቀንሳል | ከባድ | መካከለኛ |
| አሚትሪፕቲሊን | ይቀንሳል | ተቀባዩ ሴል ይነቃቃል | ይቀንሳል | መካከለኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| ቬንላፋክሲን | ይቀንሳል | ይመለሳል | በከፍተኛ መጠን ይቀንሳል | ከባድ | መካከለኛ |
| ሚርታዛፒን | ይጨምራል | ጨምሮ ይቆያል | ይጨምራል | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ቡፕሮፒዮን | ይጨምራል | ጨምሮ ይቆያል | ወርዶ ይመለሳል | ቀላል | መካከለኛ |
| ፌነልዚን | ይቀንሳል | ይመለሳል | ወርዶ ይቀራል | ከባድ | ከፍተኛ |
| ኬታሚን | መንገዱ ሌላ ነው | መደጋገም ይፈልጋል | — | በክትትል ብቻ | በጣም ከፍተኛ |

## እንግዲህ ለማን የቱ?

በጀቱ ጠባብ ለሆነና ሌላ በሽታ ለሌለበት አዋቂ ሰው ፍሉኦክሰቲን የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ርካሽ ነው፣ መርሳትን ይታገሳል፣ በብዛት ቢወሰድ እንደ አሚትሪፕቲሊን አይገድልም። ጭንቀቱ የበረታ ሰው በ10 ሚሊግራም ቢጀምር የመጀመሪያው ሰሞን ይቀለዋል። አሚትሪፕቲሊንን የማስቀድመው ልቡ ጤነኛ ለሆነ፣ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ለተደራረቡበት፣ መድኃኒቱን የሚይዝለት ዘመድ ላለው ሰው ነው። አረጋዊ ከሆነ ከማዞሩና ከመውደቁ የተነሳ አልደፍረውም፤ ሰርትራሊን ይሻላል።

በውጭ አገር ለሚኖርና ምርጫው ሰፊ ለሆነ ሰው ጥያቄው ከድባቴው መልክ ይነሳል። ድካምና ግድየለሽነት ለበረታበት ቡፕሮፒዮን፣ ክሳትና እንቅልፍ ማጣት ለበረታበት ሚርታዛፒን። ሴሮቶኒንን ብቻ ከሚነኩት በአንዱ ተሽሎት ስሜቱ ለደነዘዘበት ሰው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቡፕሮፒዮንን ይጨምሩለታል፤ ከላይ ያየነው የኖርኤፒንፍሪንና የዶፓሚን መውረድ ምክንያቱን ያስረዳል። ቀላል ድባቴ ላይ ደግሞ የንግግር ሕክምና ከመድኃኒት በፊት ይሞከር።

ቀድሞ ያለ ልክ ፈንጠዝያ፣ ሳይተኙ ለቀናት መሥራት፣ ገንዘብ መበተን የታየበት ሰው ከእነዚህ አንዱንም ብቻውን መጀመር የለበትም፤ ድባቴና እንዲህ ያለው ፈንጠዝያ የሚፈራረቁበት ባይፖላር ሊሆን ይችላልና መድኃኒቱ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደዚያው ፈንጠዝያ፣ ሊገፋው ይችላል። ጸበል ለሚገቡም አንድ ቃል፦ መጠመቅና ኪኒን መዋጥ አይጣሉም። ልጓሙ ላልቶ ሚዛን ከያዘ አንጎል ላይ መድኃኒቱን በአንድ ቀን መንጠቅ ግን ይጎዳል። ከተሻለም በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር ይቀጠላል፣ ሲቆምም በሳምንታት ቀስ በቀስ ነው።

እኚያን እናት ሌላ መድኃኒት አልሰጠኋቸውም፤ ይህንኑ አስረድቼ ወደ ሐኪማቸው መለስኳቸው። ሐኪሙም መጠኑን ለጊዜው ቀንሶ በዚያው አስቀጠላቸው። እኔ ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ቀን እጽፋለሁ፦ 14ኛውን ቀንና 28ኛውን። በአምስተኛው ሳምንት ሲመጡ ማሸጊያቸው ባዶ ነበር። ስለ ሆዳቸው አላነሱም፤ የጠየቁኝ መድኃኒቱ ቡና ይከለክል እንደሆነ ነው። አይከለክልም፤ እንቅልፉ እስኪስተካከል ግን የማታውን ቡና ወደ ጠዋት ያምጡት አልኳቸው።